ጃጓር በገርጂ አየር፦ የአንድ ዝነኛ ሞተር አተነፋፈስ

የቤንዚን ሞተር እንደ ሰው ሁሉ አየር ካላገኘ አይሠራም፤ ቤንዚን የሚነደው ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ነውና። ለመሆኑ ለቆላማ አገር የተሠራ መኪና 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ገርጂ ሲነዳ ምን ይገጥመዋል? ለምሳሌ እንዲሆነን እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1967 በእንግሊዟ ኮቨንትሪ የተመረተውን ጃጓር ማርክ 2 እንመልከት።

የሞተሩ አሠራር

ማርክ 2 ምቾትን ከፍጥነት ጋር ያጣመረ ባለአራት በር አውቶሞቢል ነው። የኤክስኬ ሞተሩ ሐሳብ የተጠነሰሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ዊልያም ሄይንስና ባልደረቦቹ ፋብሪካውን ከቃጠሎ ለመጠበቅ ሌሊት ተረኛ በነበሩበት ጊዜ ነው። ለሕዝብ የታየውም እ.ኤ.አ. በ1948 ነበር። በአንድ መስመር ከተደረደሩት ስድስት ሲሊንደሮች በላይ ሁለት ካምሻፍቶች አሉ፤ አንዱ የማስገቢያ ቫልቮችን፣ ሌላው የጢስ ማስወጫዎቹን ይከፍታል። ቫልቮቹ ጉልላት በሚመስለው የመቃጠያ ክፍል ውስጥ ጎንና ጎን አዘንብለው በመቀመጣቸው ሰፋ ብለው ሊሠሩ ችለዋል፤ አየሩም ያለችግር ይገባል። ባለ3.8 ሊትሩ ሞተር በዚህ ዘዴ 220 የፈረስ ጉልበት ያመነጫል። ይህን ኃይል ለመግታት በአራቱም ጎማዎች ላይ በዘመኑ ብርቅ የነበረ ዲስክ ፍሬን ተገጥሟል።

ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ

በገርጂ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን በአንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ ጉልበቱም ወደ 170 ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው ችግር የካርቡሬተሩ ነው። በመኪናው ላይ ያሉት ሁለት ኤስዩ ካርቡሬተሮች በራሱ ክብደት ከፍ ዝቅ በሚል ፒስተን አማካይነት የስበቱን ኃይል አንድ ዓይነት አድርገው ያቆያሉ። ቤንዚኑን የሚስበው ይኸው ኃይል ስለሆነ በአንድ የአየር መተላለፊያ ስፋት የሚወጣው ቤንዚን አይቀንስም። የሚያልፈው አየር ክብደት ግን በእፍግታው ዳግም ዘር ልክ ይቀንሳል። እፍግታው 0.76 ቢሆን ዳግም ዘሩ 0.87 ነው፤ ስለዚህ ቤንዚኑ ከሚገባው በላይ 15 በመቶ ያህል ይበዛል።

መዘዙና መፍትሔው

ትርፉ ቤንዚን በሚገባ ስለማይቃጠል ካንዴላው በጥቀርሻ ይሸፈናል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጢስ ይወጣል። ከሁሉ የከፋው ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ቀድሞ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ይጣመራል። ኦክስጅን ቀድሞውኑ በሳሳበት ከተማችን፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ መሥራት ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ባለሙያው የካርቡሬተሩን ማስተካከያ በማዞር ወይም ወፈር ያለ መርፌ በመግጠም ቤንዚኑን ይቀንሳል። ሆኖም መኪናው ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርድ አየሩ ስለሚበረክት ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ሊግል ይችላል። በዘመናዊ መኪኖች ይህን የሚያስተካክለው ኮምፒዩተር ነው፤ በጃጓሩ ግን የመካኒኩ ዕውቀት ነው። የባከነውን ቤንዚን በዚህ መልኩ ማዳን ይቻላል፤ ከፍታው የወሰደውን ጉልበት ግን ማስተካከያው አይመልሰውም።