የእናትነት ባሕርይ ሥነ ሕይወታዊ መነሻዎች፦ ከቤተ ሙከራ አይጦች የተገኘ ትምህርት

ወልዳ የማታውቅ የቤተ ሙከራ አይጥ አዲስ የተወለዱ ግልገሎች ሲቀርቡላት ብዙውን ጊዜ ትሸሻቸዋለች፤ አንዳንዴም ትነክሳቸዋለች። ይህችው አይጥ 22 ቀናት ገደማ አርግዛ ስትወልድ ግን ጎጆ ትሠራለች፣ የተበተኑትን በአፏ እያነሣች ትሰበስባለች፣ ትልሳቸዋለች፣ ታጠባቸዋለችም። ይህን ለውጥ የሚያመጣው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው መነሻ ሆርሞን ነው። ምጥ ሲቃረብ ፕሮጄስትሮን ይቀንሳል፤ ኢስትሮጅንና ፕሮላክቲን ይጨምራሉ። ተርከልና ሮዘንብላት እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳዩት፣ በቅርቡ ከወለደች አይጥ ደም የተላለፈላት ያልወለደች አይጥ በ15 ሰዓት ገደማ ውስጥ ግልገሎችን መንከባከብ ጀምራለች። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ፔደርሰንና ፕራንጅ ኢስትሮጅን በተሰጣቸው ያልወለዱ አይጦች አንጎል ውስጥ ኦክሲቶሲን በመጨመር ተመሳሳይ ባሕርይ ቀስቅሰዋል። በአንጎል ውስጥ የዚህ ባሕርይ ዋነኛ ማዕከል ከሃይፖታላመስ ፊት የሚገኘው ሚዲያል ፕሪኦፕቲክ ክልል ሲሆን፣ ይህ ክፍል ሲጎዳ እንክብካቤው ይቋረጣል።

ሆኖም ሆርሞን ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም። ሮዘንብላት እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጥናት፣ ከግልገሎች ጋር ያለማቋረጥ አብረው የቆዩ ያልወለዱ አይጦች በሳምንት ገደማ ውስጥ እንደ እናት መንከባከብ ጀምረዋል። የእንቁላል ዕጢያቸው የወጣላቸው፣ ወንዶቹም ጭምር ይህንኑ አሳይተዋል። በአንጻሩ የወለደች አይጥ ግልገሎቿን ሳትነካ ወዲያው ቢወሰዱባት ዝግጁነቷ በቀናት ውስጥ ይደበዝዛል፤ ከወሊድ በኋላ ለአጭር ጊዜ እንኳ ከነካቻቸው ግን ባሕርይው ይጸናል። እንግዲህ ሆርሞን በሩን ይከፍታል፤ ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ግን ንክኪ ነው።

ለጤና ባለሙያው ይህ ምን ይጠቅማል? የዓለም ጤና ድርጅት አራስ ሕፃን ወዲያውኑ ከእናቱ ገላ ጋር እንዲገናኝና በመጀመሪያው ሰዓት ጡት እንዲጀምር ይመክራል። ምክሩ የተመሠረተው በሰው ላይ በተደረጉ ጥናቶች ቢሆንም፣ የአይጦቹ ግኝት የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ዋጋ ለመረዳት ያግዛል። ይሁን እንጂ ሰው አይጥ አይደለም፤ የእናት ፍቅር በአንድ ሰዓት አይወሰንም። በቀዶ ሕክምና የወለደችን ወይም ልጇ በሕመም የተለየባትን እናት «ጊዜው አልፎብሻል» ማለት ስሕተት ነው፤ ሁኔታው እንደፈቀደ ልጇን እንድታቅፍ መርዳት ይገባል፤ አባትም እንዲሁ። ልጇን ለመቅረብ ያመነታች አራስም ወቀሳ ሳይሆን ዕረፍት፣ ድጋፍና የድኅረ ወሊድ ድባቴ ምርመራ ያስፈልጋታል።