ለቤት ማጠናቀቂያ የእንጨት ሥራ የማዕዘን መቁረጫ መጋዝ ከመግዛትዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የመኖሪያ ቤት ግንባታ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ስለለበሰ ብቻ ተጠናቀቀ አይባልም። በወለሉና በግድግዳው መጋጠሚያ የሚዞረው ዘኮሎ፣ በበርና በመስኮት መቃን ዙሪያ የሚመታው ጌጥ ጣውላ እንዲሁም በኮርኒሱ ጠርዝ የሚሄደው ቀጭን እንጨት ለቤቱ የመጨረሻ መልኩን ይሰጡታል። እነዚህ ሥራዎች ከጉልበት ይልቅ የማዕዘን ጥራትን ይጠይቃሉ። በነቀምቴ ከተማ በቡርቃ ጃቶም ሆነ በሌሎች የወለጋ ከተሞች ቤታቸውን በራሳቸው የሚያጠናቅቁ ነዋሪዎችና በእንጨት ሥራ የተደራጁ ወጣቶች በገበያ ማይተር ሶው የሚባለውን የኤሌክትሪክ የማዕዘን መቁረጫ መጋዝ ለመግዛት ሲያስቡ ይህ መረጃ ለውሳኔያቸው እንዲያግዝ ተዘጋጅቷል።

የመረጃው ዋና መልእክት አንድ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚበጀው ትልቁ ማሽን ሳይሆን ሥራውን የሚመጥነው፣ ከቤቱ ኃይል ጋር የሚስማማውና መከላከያው የተሟላው ነው። በመጠን ላይ የሚባክነው ገንዘብ ለጥሩ ስለትና ለደኅንነት መጠበቂያ ቢውል የበለጠ ፋይዳ ይኖረዋል።

በቅድሚያ ሥራውን ይቁጠሩ

ግዢውን ከመወሰንዎ በፊት የሚቆረጡትን ማዕዘኖች መቁጠር ይጠቅማል። አንድ ባለ አራት ማዕዘን ክፍል ለዘኮሎ ብቻ 8 የማዕዘን ቁርጦችን ይፈልጋል። የአንድ በር ጌጥ ጣውላ በአንዱ ገጽ 4፣ በሁለቱም ገጽ 8 ቁርጦች አሉት። ስለሆነም አራት ክፍሎችና አምስት በሮች ያሉት ቤት በጥቅሉ 72 የማዕዘን ቁርጦችን ይጠይቃል። ሥራው ይህን ያህል ከሆነ፣ ወይም መሣሪያው ለገቢ ማስገኛነት የሚውል ከሆነ፣ መግዛቱ ምክንያታዊ ነው። አንድ ክፍል ብቻ ለሚያጠናቅቅ ሰው ግን የእጅ መጋዝና ከእንጨት የተሠራ የማዕዘን ሳጥን፣ አለበለዚያም ለጥቂት ቀናት መሣሪያ መከራየት በቂ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚቆረጠውን ሰፊ ጣውላ ይለኩ። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ተጋድሞ በ45 ዲግሪ ሲቆረጥ የቁርጡ ርዝመት ከ14 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሻጩ የሚጠቅሰው የመቁረጥ ዐቅም አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ያለውን ቁርጥ የሚመለከት በመሆኑ፣ በ45 ዲግሪ ምን ያህል ስፋት እንደሚቆርጥ ለይተው ይጠይቁ። ዘኮሎውን በጠርዙ አቁመው የሚቆርጡ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ የሚቀበለውን ከፍታ ማረጋገጥ አለብዎ።

የመሣሪያው ዓይነቶችና መጠን

ቀላሉ ዓይነት ጠረጴዛው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ የሚዞር ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከዚህ በተጨማሪ የስለቱ ራስ ወደ ጎን ስለሚያዘነብል ጣውላውን አጋድሞም አቁሞም ለመቁረጥ ያመቻል። ሦስተኛው ራሱ በሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ሲሆን፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ጣውላ ሊቆርጥ ይችላል። ይሁንና ዋጋው ከፍ ያለ፣ ክብደቱም የበዛ ነው፤ ሐዲዱ ከላላ ደግሞ ማዕዘኑ ይዛባል።

በገበያ የተለመዱት የስለት ስፋቶች 210 ወይም 216፣ 254 እና 305 ሚሊ ሜትር ናቸው። ለዘኮሎና ለበር ጌጥ ጣውላ ሁለተኛው ዓይነት በ216 ወይም በ254 ሚሊ ሜትር ስለት አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናል። ባለ 305 ሚሊ ሜትሩ ወፍራም ሞራሌ በብዛት ለሚቆርጥ ድርጅት እንጂ ለቤት ማጠናቀቂያ የግድ አስፈላጊ አይደለም።

የኤሌክትሪክ ኃይሉን ያረጋግጡ

በአገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ በማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያነቡ ገንዘብ አይክፈሉ። በተለይ ከሰሜን አሜሪካ በዘመድ የሚላኩ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ለ120 ቮልት የተሠሩ በመሆናቸው በቀጥታ ሶኬት ላይ ሲሰኩ ሞተራቸው ይቃጠላል። እንዲህ ያለውን ማሽን የሚጠቀም ሰው ዐቅሙ ከማሽኑ ዋት የሚበልጥ ትራንስፎርመር ሊኖረው ይገባል፤ የትራንስፎርመሩም ዋጋ ከግዢው ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

1,800 ዋት የሚፈልግ መጋዝ በ220 ቮልት ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። ቀጭንና ረጅም ማራዘሚያ ገመድ ኃይሉን ስለሚቀንሰው ስለቱ እንጨት ውስጥ ይታነቃል፤ ሞተሩም ይግላል። በመሆኑም 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ መጠቀምና ጥቅልሉን ሙሉ በሙሉ መፍታት ይመከራል። ጀነሬተር የሚጠቀሙ ከሆነ ሞተሩ ሲነሣ ከተጻፈው ዋት በላይ ኃይል እንደሚጠይቅ ያስቡ። በቁርጥ መካከል መብራት ቢጠፋ ማብሪያውን ይልቀቁ፣ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ስለቱ መቆሙን ካረጋገጡ በኋላ ራሱን ያንሡ።

ለስለቱ ተገቢውን ትኩረት ይስጡ

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ስለት ብዙ ጊዜ ለሻካራ ቁርጥ የተዘጋጀ፣ ጥርሱ አነስተኛ የሆነ ነው። ለጌጥ ጣውላ ከ60 እስከ 80 ጥርስ ያለው፣ ጫፉ በካርባይድ የተጠናከረ ስለት ንጹሕ ጠርዝ ይሰጣል። ስለት ሲገዙ ሦስት ነገሮች መመሳሰላቸውን ያረጋግጡ፤ እነርሱም የስለቱ ስፋት፣ የመሐል ቀዳዳው ልክ እና የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት ናቸው። ቀዳዳው 30 ወይም 25.4 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ የማይገጥም ስለት በቀለበት ወይም በቆርቆሮ ቁራጭ ተሞልቶ መታሰር የለበትም። በስለቱ ላይ የተጻፈው የዙር መጠን ከማሽኑ ማነስ አይኖርበትም። የግራይንደር ዲስክን በዚህ ማሽን ላይ መግጠም ፈጽሞ አይፈቀድም።

በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ማሽኑ ሳይሰካ ራሱን ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁት፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አይውሰዱት። ጠረጴዛውን በ0 እና በ45 ዲግሪ ቆልፈው ጽኑ መሆኑን ይመልከቱ። ስለቱ ሲወርድ የሚከፈተውና ሲነሣ በራሱ የሚዘጋው መከላከያ ያለ ችግር መሥራቱን፣ ማብሪያው ሲለቀቅ ስለቱ በጥቂት ሰከንዶች መቆሙን፣ እንጨት መያዣው ሞርሳም መኖሩን ያረጋግጡ። የሞተሩ ካርቦንና ሌሎች መለዋወጫዎች በነቀምቴ ወይም በአዲስ አበባ የሚገኙ መሆናቸውን ይጠይቁ።

ለትክክለኛነቱ ማረጋገጫ አንድ ቁራጭ ጣውላ በ0 ዲግሪ ይቁረጡና አንዱን ክፍል ገልብጠው ከሌላው ጋር ያጋጥሙ። ክፍተት ከታየ ስሕተቱ በእጥፍ ጎልቶ የታየ ነው። ጉዳዩ እንደ ቀላል ሊቆጠር አይገባም፤ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ሁለት የበር ጌጥ ጣውላዎች ላይ እያንዳንዱ ቁርጥ በ1 ዲግሪ ቢሳሳት መጋጠሚያው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ሊከፈት ይችላል። እንዲህ ያለውን ክፍተት ስቱኮ ለጊዜው ቢሸፍነውም ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

ማዕዘኑና የእንጨቱ ድርቀት

የቤት ማዕዘን ሁሉ 90 ዲግሪ አይደለም። በተለይ በጭቃ ልስን በተሠሩ ግድግዳዎች ልዩነቱ ሊሰፋ ይችላል። ስለሆነም እያንዳንዱን ማዕዘን ይለኩ፤ ያገኙትን ለሁለት አካፍለው ከ90 ይቀንሱ። ለምሳሌ ማዕዘኑ 92 ዲግሪ ከሆነ ግማሹ 46 ነው፤ መጋዙም በ44 ዲግሪ ላይ ይስተካከላል። የመለኪያ መሣሪያ ከሌለ ከማዕዘኑ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ለክተው ምልክት ያድርጉ፤ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት 100 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ትክክለኛ 90 ዲግሪ ነው።

በምዕራብ ኢትዮጵያ የዝናቡ ወቅት ረጅም ነው። ያልደረቀ ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያ ወይም ዋንዛ በክረምት ተቆርጦ ቢገጠም በበጋ ሲኮማተር ማዕዘኑ ይከፈታል። ይህ ጉድለት በየትኛውም ውድ ማሽን አይታረምም። ስለዚህ እንጨቱ ደርቆ፣ በሚገጠምበት ቤት ውስጥም ለተወሰነ ጊዜ ተቀምጦ ቢቆረጥ ይመረጣል።

ደኅንነት

በደቂቃ 5,000 ጊዜ የሚዞር ባለ 254 ሚሊ ሜትር ስለት የጥርሱ ጫፍ በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይጓዛል። ጣት ከዚህ ፍጥነት ቀድሞ ሊሸሽ አይችልም። በመሆኑም፦

- እጅዎን ከስለቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ያርቁ፤ አጭር ቁራጭ በሞርሳ እንጂ በእጅ አይያዝ።
- መከላከያውን አያንሡ፣ በሽቦም አይሰሩት።
- ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌና ጓንት በሚዞር ስለት ሊጠለፉ ስለሚችሉ በሥራ ላይ አይለበሱ፤ ረጅም ፀጉር ይታሰር።
- የዐይን መነጽር፣ የጆሮ መከላከያና የአቧራ ጭንብል ይጠቀሙ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል።
- ስለት ከመቀየርዎ ወይም ማሽኑን ከማጽዳትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ።
- ሕፃናት በሥራው ቦታ እንዳይገኙ ያድርጉ።

ሠራተኛ ቀጥረው የሚያሠሩ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ ትጥቅ ማቅረብና ስለ አጠቃቀሙ ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ነው። ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ የመጠቀም ግዴታ አለበት።

የሸማቹ መብት

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ተሰጥቶታል፤ ዕቃው ጉድለት ያለበት ሆኖ ሲገኝም እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። ይህን መብት ለመጠቀም የማሽኑ ዓይነትና መለያ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የዋስትና ቃል ከተገባልዎ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ማሽኑንም ወስደው ከማስቀመጥ ይልቅ በገዙበት ቀን ፈትሹት። ጉድለት ካዩ ሳይዘገዩ ለሻጩ ያሳውቁ። ስምምነት ላይ መድረስ ካልተቻለ ደረሰኝዎን ይዘው በአካባቢዎ ወደሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት በመቅረብ አቤቱታዎን ማቅረብ ይችላሉ።

በሙያው ተደራጅተው ለመሥራት የሚፈልጉ ወጣቶች መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊት በአካባቢያቸው ባለው የሥራ ዕድል ፈጠራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ስለ ሥልጠናና ስለ መሣሪያ ኪራይ ብድር እንዲጠይቁ ይመከራል። በቅድሚያ የሚገኝ ሥልጠና ለመሣሪያው የሚወጣውን ገንዘብም ሆነ የሠራተኛውን እጅ ከጉዳት ይጠብቃል።