የቆመች ጀልባ ጠባቂ ትሻለች

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የባሕር ዳርቻ ከተሞች የሳምንቱ ማብቂያ ሲደርስ ጀልባ የጫኑ ተጎታቾች ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደ ባሕሩ ያመራሉ። ቤተሰቡ ምሳውንና የዓሣ ማጥመጃውን ይዞ ከዳርቻው ይርቃል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ጀልባዋ ጨዋማ ውኃ እያንጠባጠበች ወደ ማደሪያዋ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በየብስ የምትቀመጥ የመዝናኛ ጀልባ በዓመት ውስጥ በውኃ ላይ የምታሳልፈው ሰዓት ከምትቆምበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያንሳል። ስለዚህም ዕድሜዋን የሚያሳጥረው በማዕበል ላይ የሚገጥማት ብቻ አይደለም፤ በቆመችበት ስፍራ ቀስ በቀስ የሚደርስባት ጉዳት ብዙ ጊዜ ይብሳል።

በዚህ ምክንያት ጀልባ የገዛ ሰው ቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «የት ላቁማት?» የሚለው ነው። በግቢው ውስጥ ወይስ በኪራይ ስፍራ? ብዙዎች መልሱን የሚፈልጉት በኪራዩ ዋጋ ውስጥ ነው። ሆኖም ከዋጋ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ በቆመችበት ስፍራ ጀልባዋን ማን ያያታል? በየስንት ጊዜውስ ያያታል?

ጨው፣ ፀሐይና ዝናብ

የባሕረ ሰላጤው ውኃ ከውቅያኖሶች ውኃ ይበልጥ ጨዋማ ነው። በአንድ ኪሎ ግራም የውቅያኖስ ውኃ ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ሲገኝ፣ በዚህ ባሕር መጠኑ 40 ግራም ገደማ ይደርሳል። ባሕሩ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ትነቱ ብርቱ፣ ከወንዞች የሚገባለት ውኃም ጥቂት ነውና። ጀልባዋ ከባሕር ወጥታ ሳትታጠብ ብታድር ውኃው ይተናል፤ ጨው ግን ይቀራል። የቀረውም ጨው በሌሊት ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ በቡሎኖች ጥርስ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ መገጣጠሚያዎችና በሞተሩ የማቀዝቀዣ መስመሮች ውስጥ ተቀምጦ ብረቱን ይበላል።

ፀሐይ ደግሞ ከላይ ትሠራለች። በሐምሌና በነሐሴ ወራት የአገሪቱ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚወጣባቸው ቀናት አሉ። ዛሬ አብዛኞቹ የመዝናኛ ጀልባዎች ከፋይበርግላስ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የፀሐይ ጨረር የፋይበርግላሱን የላይኛ ልባስ ያደበዝዘዋል። ገላዋ ሲዳሰስ እንደ ጠመኔ ያለ ነጭ ብናኝ በእጅ ላይ ከቀረ ልባሱ መጎዳት ጀምሯል ማለት ነው። የመቀመጫዎቹ ቆዳ ይሰነጠቃል፤ የነዳጅና የውኃ ቱቦዎች ይደርቃሉ፤ የተጎታቹ ጎማዎችም ረጅም መንገድ ሳይጓዙ ያረጃሉ። ባትሪም ሙቀት አይወድም። ሥራ ላይ ያልዋለ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በውስጡ ያለውን ኃይል የሚያጣበት ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ሦስተኛው ጠላት በዚህ በረሃማ አገር ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2024 በአገሪቱ የጣለው ዝናብ፣ መዝገብ መያዝ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ከታዩት ሁሉ የከበደ ነበር። በአል ዐይን አካባቢ በምትገኘው ኸትም አል ሸክላ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ 254.8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዝግቧል። ይህ አኃዝ ለቆመች ጀልባ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት አያዳግትም። 6 ካሬ ሜትር ክፍት ወለል ያላት፣ የውኃ መውጫዋም የተደፈነ ጀልባ እንዲህ ያለ ዝናብ ቢወርድባት 1.5 ቶን የሚያህል ውኃ ትሸከማለች። ይህ ክብደት ተጎታቹን ያጎብጣል፤ ውኃው ባትሪውንና ሽቦዎቹን ያሰጥማል፤ የጀልባዋም ገላ ሊሰነጠቅ ይችላል።

መከላከያው ግን ቀላል ነው። በየብስ የምትቆም ጀልባ በስተኋላዋ ግርጌ ያለው የውኃ መውጫ ውታፍ ይነቀላል፤ ፊቷም ከኋላዋ ትንሽ ከፍ ይደረጋል። የተነቀለው ውታፍ ከሞተሩ ማስነሻ ቁልፍ ጋር ታስሮ ቢቀመጥ ይመረጣል። ውታፉ ሳይመለስ ወደ ባሕር የወረደች ጀልባ ውኃ ትሞላለችና።

የዕንቁ ጠላቂዎች ልማድ

የዚህ ዳርቻ ሕዝብ ጀልባን በየብስ ማቆየት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በዕንቁ ጠለቃ ዘመን ዋናው የሥራ ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት አራት ወራት ገደማ ነበሩ። ወቅቱ ሲዘጋ ብዙዎቹ ጀልባዎች ወደ አሸዋው ይሳቡ ነበር። ከውኃ በላይ የሚውለው እንጨታቸው በሻርክ ዘይት ይቀባል። ከውኃ በታች የሚውለው ክፍል ደግሞ እንጨት የሚበሱ የባሕር ተባዮች እንዳያገኙት ከእንስሳት ስብና ከኖራ በተቀላቀለ ልባስ ይለበጣል። በሳንቃዎቹ መካከል ያለው ክፍተትም በዘይት በተነከረ ጥጥ ይደፈናል። በጣና ሐይቅ ላይ የሚቀዝፍ ሰውም ከዚህ የራቀ ልማድ የለውም፤ ከደንገል የተሠራችው ታንኳ ውኃ በጠጣች ቁጥር ስለምትከብድ ከጉዞ መልስ ከሐይቁ አውጥቶ ያደርቃታል።

ያ የዕንቁ ንግድ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጃፓን በእርባታ የተገኘው ዕንቁ ገበያውን ሲሻማውና የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ሲደረብበት ተዳከመ። ከዚያ ዘመን የተረፈው ትምህርት ግን አልተሻረም። ለእነዚያ ባሕርተኞች ጀልባ የቤተሰብ እንጀራ ነበረች፤ በአሸዋው ላይ በቆመችበት ጊዜም የሚሠራላት ሥራ ነበር። የዛሬው ፋይበርግላስ የሻርክ ዘይት አይፈልግም፤ መታጠብን፣ መድረቅን፣ ጥላንና የሚጎበኝ ዓይንን ግን እንደ ቀድሞዋ የእንጨት ጀልባ ይሻል።

ቤት ወይስ ኪራይ?

ጀልባን በገዛ ግቢ ማቆም ትልቁ ጥቅሙ ቅርበት ነው። ባለቤቱ ጠዋት ሲወጣና ማታ ሲገባ ያያታል፤ ነፋስ የገለጠውን ሸራ ወዲያው ይመልሳል፤ ከባሕር እንደተመለሰ ሳይውል ሳያድር ያጥባታል። ነገር ግን ግቢው በእርግጥ ይበቃል ወይ ብሎ አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል። 7 ሜትር የምትባል ጀልባ ከተጎታቹ አንገትና ከሞተሯ ጋር ከ8 ሜትር ልትበልጥ ትችላለች። የበሩ ስፋት፣ የመታጠፊያው ቦታ፣ ከላይ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ገመድና የጥላው ከፍታ አብረው ይለካሉ። ወለሉም ጽኑና ደልዳላ መሆን አለበት፤ በአሸዋ ላይ የቆመ ተጎታች ጎማው በአንድ ወገን ሲሰምጥ የጀልባዋ ሸክም ሁሉ ወደዚያው ያጋድላል።

ግቢው ካልበቃ መንገዱ ይበቃል ማለት አይደለም። የእግረኛ መተላለፊያንና የጎረቤትን የመኪና ማቆሚያ መያዝ ጎረቤትን ያስቀይማል፤ ቅጣትንም ሊያስከትል ይችላል። በመኖሪያ ሰፈር ጀልባ ከማቆሙ በፊት የከተማውን ማዘጋጃ ቤትና፣ ተከራይ ከሆነ ደግሞ የቤቱን ባለንብረት መጠየቅ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው።

የኪራይ ስፍራዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ዙሪያው የታጠረ ሜዳ ነው፤ ዋጋው ከሁሉ ይቀንሳል፤ ተከራዩ የሚያገኘውም መሬትና አጥር ብቻ ነው። ሁለተኛው ጣሪያ ያለው መጋዘን ወይም ዳስ ሲሆን ፀሐይንና ዝናብን ይከላከላል። ሦስተኛው በማሪናዎች የሚገኘው ደርብ መደርደሪያ ነው። ጀልባዎቹ በብረት መደርደሪያ ላይ እንደ መጽሐፍ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ባለቤቱ ሲፈልግ በትልቅ ፎርክሊፍት ወርደው ወደ ውኃ ይገባሉ፤ ሲመለሱም ተነሥተው ይቀመጣሉ። ይህ ዘዴ ጀልባዋን ሁልጊዜ በውኃ ውስጥ አስሮ ከማቆየት የተለየ ትልቅ ጥቅም አለው። በሞቃት ባሕር ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ብቻ በጀልባ ሆድ ላይ ተጣብቀው የሚያድጉት ባለ ቅርፊት እንስሳትና አልጌ በመደርደሪያ ላይ ያለችውን ጀልባ አያገኟትም።

ውል ከመፈረሙ በፊት ጥቂት ጥያቄዎች ይነሡ። ጀልባዋ ከባሕር ስትመለስ ገላዋን የሚያጥብ፣ ሞተሩንም በንጹሕ ውኃ የሚያለቀልቅ አለ? ስፍራው በሌሊት ይጠበቃል? ለእሳት አደጋ ምን ተዘጋጅቷል? በማንሣትና በማውረድ ጊዜ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂው ማን ነው? ባለቤቱ በፈለገው ቀን ገብቶ ሊያያት ይችላል? መልሶቹ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይያዙ። በርካሽ ተከራይቶ፣ በርቀቱ ምክንያት በሦስት ወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚጎበኝ ሰው ያተረፈውን ገንዘብ በጥገና መልሶ ሊከፍለው ይችላል።

ከመቆሟ በፊት

ጀልባዋ ለሳምንታት ወይም ለወራት የምትቆም ከሆነ ዝግጅቱ በውኃ ይጀምራል። ገላዋ፣ ተጎታቹና መልሕቁ በንጹሕ ውኃ ይታጠባሉ፤ ሞተሩም በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይለቀለቃል። ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ውኃው እንዲፈስለት ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይቁም። የዕቃ ማስቀመጫ ክዳኖች ተከፍተው ውስጣቸው ሳይደርቅ ሸራ አይልበሱ። ሸራውም ውኃ እንዳያቁር መሐሉ ከፍ ያለ፣ አየርም የሚያስተላልፍ ይሁን። አየር በማያስገባ ላስቲክ የተጠቀለለች ጀልባ ከውጭ ብትጠበቅም ከውስጥ ትሻግታለች።

ቤንዚን ለወራት ሲቆይ ጥራቱን ስለሚያጣ ማቆያ ፈሳሽ ተጨምሮበት ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ይሠራ፤ የነዳጅ ጋኑም እስከ አፉ አይሞላ፤ ነዳጅ በሙቀት ይለጠጣልና። ባትሪው ይፈታ፤ ተሞልቶም ነፋሻማ በሆነ ስፍራ ይቀመጥ። የአደጋ ጊዜ የብርሃን ምልክቶችና የሕይወት አድን ሰደርያዎች በጋለ ጀልባ ውስጥ አይተዉ፤ ወደ ቀዝቃዛ ስፍራ ተወስደው የአገልግሎት ጊዜያቸው ይታይ። በመጨረሻም የተጎታቹ ኩሽኔታዎች አዲስ ግራሶ ያግኙ፤ ጎማዎቹም በድጋፍ ይያዙ።

የሚያጥባት ሰው ደኅንነት

በባሕረ ሰላጤው አገራት ጀልባን የሚያጥብ፣ ሸራዋን የሚያለብስና ባትሪዋን የሚሞላ ሰው ሁልጊዜ ባለቤቷ አይደለም። ብዙ ጊዜ የቤቱ ሾፌር፣ የግቢው ጠባቂ ወይም የማሪናው ሠራተኛ ነው፤ ከእነዚህም መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። ለእነርሱ ጀልባዋ ንብረት ከመሆኗ በፊት የሥራ ቦታ ናት፤ የሥራ ቦታ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው።

የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ነዳጅ ሲያንጠባጥብ ተኑ ወደ ላይ አይበተንም፤ ወደ ጀልባዋ ሆድ ወርዶ ይጠራቀማል፤ ዓይን አያየውም፤ ከአንዲት ማብሪያ ማጥፊያ የሚወጣ ብልጭታ ግን ሊያቀጣጥለው ይችላል። ተሸፍና የከረመች ጀልባ ስትከፈት መጀመሪያ ክዳኖቿ ሁሉ ይከፈቱ፤ አየር ይግባባት፤ የቤንዚን ሽታ እስካለ ድረስም ምንም ነገር አይብራ፣ ሲጋራም አይጨስ። ባትሪም ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መሞላት የለበትም። በክሪክ ብቻ ከተነሣች ጀልባ ሥር ደግሞ ማንም አይግባ፤ ጽኑ ድጋፍ መጀመሪያ ይግባላት።

ሙቀቱም ሌላው አደጋ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ ማለትም ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በቀጥታ ፀሐይ ሥር በክፍት ቦታ መሥራት ክልክል ነው። የድንጋጌውን መንፈስ የተረዳ ባለቤትም በግቢው የቆመችውን ጀልባ በእነዚያ ሰዓታት እንድትታጠብ አያዝዝም፤ ጠዋትና ማታ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ።

እንግዲህ የቤትና የኪራይ ክርክር መልሱ ለሁሉ አንድ አይሆንም። ሰፊ ግቢና ትጉ እጅ ላለው ቤቱ ይበቃዋል፤ ጊዜ ለሌለው ግን እንክብካቤን ጨምሮ የሚያቀርብ የኪራይ ስፍራ ለዋጋው የሚገባ ነው። ጀልባዋ የትም ትቁም የት፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ሸራዋን ገልጦ ማሽተት፣ ወለሏን በእጅ መዳሰስ፣ የውኃ መውጫዋ በአሸዋና በቅጠል አለመደፈኑን ማየት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ይህን ሩብ ሰዓት የሚሰጥ ሰው የተገኘበት ስፍራ፣ ግቢም ይሁን ማሪና፣ ለጀልባዋ ትክክለኛው ማደሪያ ነው።