የመጀመሪያዋ ቁጥር ስትቀየር

ሊብኤት የተጻፈው እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር የየራሱን ኮድ ይጠቀም በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የዳንኤል ያዕቆብ ሥራ የሆነው ይህ ላይብረሪ ጽሑፍን ከአንዱ ኮድ ወደ ሌላው ይለውጣል።

ሁሉም የሚጋራው ኮድ ዩኒኮድ ግዕዝን እ.ኤ.አ. በ1999 ተቀበለ። በ2010 ደግሞ 32 ፊደላት ጨመረ፤ ከጂንካ በስተሰሜን ለሚነገረው ባስኬቶኛ የሚያስፈልጉትም ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ፊደላት ሲጨመሩ እንደ ሊብኤት ያለ ላይብረሪም መታደስ አለበት። ዐቢይ እትም ሲታቀድ ከ1 ወደ 2 የምትሻገረው የእትሙ የመጀመሪያዋ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ናት፦ በቀድሞው ላይ የተሠሩ ፕሮግራሞች ሳይስተካከሉ ላይሠሩ ይችላሉ። ይህን ያህል ድካም የሚገባው አንድ ለውጥ አለ። የማያውቀውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶ ዝም የሚል ለዋጭ፣ የአንድ መምህርን የመማሪያ ጽሑፍ ሳይታወቅ ያበላሻል። አዲሱ እትም ስህተቱን ከነመስመሩ ይናገር፤ ያልታወቀውንም ፊደል እንዳለ ያቆይ።