የአዝመራው ወረፋ በጎሚስታው ደጅ

ባለፈው ዓመት ኅዳር አጋማሽ ላይ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለሌላ ሥራ ወደ አንዲት የወረዳ ከተማ ተጉዞ ነበር። በከተማዋ መግቢያ ባለ ጎሚስታ ቤት ደጅ ላይ የተፈታ የኮምባይነር ጎማ ተጋድሟል። ጎማው ተጠግኖ አልቋል፤ የቀረው አየር መሙላት ብቻ ነበር። ኮምፕረሰሩ ግን ያለ ዕረፍት እየጮኸ የግፊት መለኪያው መርፌ 2 ባር እንኳን መድረስ አቅቶታል። ከጎማው ኋላ አንድ ትራክተርና ሁለት የእህል መኪናዎች ተራ ይጠብቃሉ። ኮምባይነሩ በአንድ እግሩ ክሪክ ላይ ተደግፎ የደረሰ ስንዴ መሐል ቆሟል። ሰማዩ ደመና ቋጥሯል። ባለ ማሳዎቹ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ኮምፕረሰሩን ያያሉ።

ከአንድ ሰዓት በላይ የፈጀው የዚያ ቀን ጥበቃ ምክንያት ሲታይ ቀላል ነበር። የኮምፕረሰሩ አየር ማስገቢያ ፊልትሮ በአቧራና በእብቅ ተደፍኗል፤ ቱቦው በሁለት መጋጠሚያዎች ላይ አየር ያፈሳል።

በየዓመቱ በሪፖርቶቻችን የትራክተሩንና የኮምባይነሩን ብዛት እንቆጥራለን። ጎማቸውን የሚሞላው፣ ፊልትሯቸውንና ራዲያተራቸውን የሚያጸዳው ኮምፕረሰር ግን የማንም ዕቅድ ውስጥ ሲገባ አይታይም። የጎሚስታው የግል ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል፤ ሲቆም የሚጎዳው ግን ምርቱ ማሳ ላይ ያለ አርሶ አደር ነው።

አየር በነፃ ይገኛል ቢባልም የታመቀ አየር ውድ ነው። ኮምፕረሰር ከሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በደጋው አካባቢ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለ። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ እንደ ደብረ ማርቆስ ባሉ ከተሞች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፒስተኑ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር የሳሳ ስለሆነ፣ በባሕር ጠረፍ በ6 ደቂቃ የሚሞላ ታንከር እዚህ 8 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። የሳሳ አየር ሞተሩንም እንደሚገባው አያቀዘቅዘውም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ሊታለፍ የሚችል ጉድለት በእኛ ደጋማ ወረዳዎች ኮምፕረሰሩን ቶሎ ይጥለዋል።

ትልቁ ሌባ ፍሳሽ ነው። በ7 ባር ግፊት 1 ሚሊ ሜትር የምታህል ቀዳዳ በደቂቃ ወደ 70 ሊትር አየር ታፈሳለች። የአንድ አነስተኛ የጎሚስታ ኮምፕረሰር ምርት በደቂቃ ጥቂት መቶ ሊትር መሆኑን ላሰበ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ፍሳሹን ለማወቅ ሰዓት ብቻ ይበቃል። ማታ ሥራ ሲያበቃ ቱቦዎቹ እንደተገጠሙ፣ ማንም አየር ሳይወስድ ኮምፕረሰሩን አብርቶ መተው ነው። ታንከሩ ሞልቶ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንደገና እስኪነሳ ስንት ደቂቃ እንዳረፈ፣ ከተነሳም በኋላ ስንት ደቂቃ እንደሠራ ይመዘገባል። 8 ደቂቃ አርፎ 2 ደቂቃ ከሠራ፣ ከሚያመርተው አየር 20 በመቶው በከንቱ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ቦታውን ለማግኘት መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ መቀባት ይበቃል፤ አረፋ የሠራበት ቦታ ያፈሳል።

ግፊትን ያለ ልክ ከፍ ማድረግም ልማድ ሆኗል። የጭነት መኪና ጎማ 7 እና 8 ባር ሊፈልግ ይችላል፤ ማሳ ላይ ለሚሠራ ትራክተር የኋላ ጎማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ባር በታች ይበቃዋል። ትራክተር የሚፈልገው ብዙ አየር እንጂ ከፍተኛ ግፊት አይደለም። 7 ባር አካባቢ ላይ በተጨመረ በእያንዳንዱ 1 ባር የኃይል ፍጆታው 7 በመቶ ያህል ያድጋል፤ ፍሳሹም አብሮ ይበረታል።

ችንጋው መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ከዚያ ከላላ ይንሸራተታል፤ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላል። ዘይቱ በየቀኑ ይታይ፤ ዓይነቱም በማሽኑ መምሪያ የተጻፈው ይሁን። ኮምፕረሰሩን በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አፍኖ ፀሐይ ላይ ማቆም፣ ወይም አውድማ አጠገብ ማስነሳት፣ ትኩስና አቧራማ አየር ማብላት ነው። ፊልትሮው አየር ከለከለ ብሎ ነቅሎ መጣልም መፍትሔ አይሆንም። አቧራው ገብቶ የፒስተኑን ፋሻ ይፍቀዋል።

አርሶ አደሩም በበኩሉ የትራክተሩን ፊልትሮ ሲያስነፋ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የወረቀት ፊልትሮ የሚነፋው ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከ2 ባር ባልበለጠ ግፊት ነው። በ8 ባር የተነፋ ፊልትሮ የጸዳ ቢመስልም ወረቀቱ ተበስቶ አቧራውን በቀጥታ ወደ ሞተር ያሳልፋል። ልብስ ላይ ያለን እብቅ በኮምፕረሰር ማራገፍ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ የታመቀ አየር በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ሊገባ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የወረዳ ኃላፊዎች ትኩረት የሚያሻው ታንከሩ ነው። አየር ሲታመቅና ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥበት ውኃ ሆኖ ታንከሩ ሥር ይጠራቀማል። ውኃው ከአየሩ ጋር ወጥቶ ፊልትሮ ያረጥባል፤ ከዚያ የባሰው ግን ብረቱን ከውስጥ ማዛጉ ነው። በ8 ባር ግፊት፣ ዲያሜትሩ 40 ሴንቲ ሜትር በሆነ የታንከር ክዳን ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ100 ኩንታል ክብደት ይበልጣል። ዝገት ያሳሳው ብረት ይህን አልችልም ያለ ቀን ሰው ይገድላል። የቀደደውን ታንከር በየበያጁ ቤት አስለጥፎ መልሶ መሙላት፣ የደህንነት ቫልቩንም ያፈሳል ብሎ በቡሎን መድፈን በአንዳንድ ቦታ የሚታይ አደገኛ ተግባር ነው። የሜካናይዜሽን ባለሙያዎች አዝመራ ከመድረሱ በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ በከተማቸው ያሉትን ኮምፕረሰሮች ዞረው ቢያዩ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጥርጣሬ ያለበት ታንከር የሚፈተሸው በአየር ሳይሆን ውኃ ሞልቶ ግፊት በመስጠት ነው። ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ታንከሩ ቢቀደድ እንኳን ፍንዳታ አይከተልም።

የዕለት ጥንቃቄው ግን የጎሚስታው ነው። ማታ ሲዘጋ ግፊቱን አሳንሶ ከታንከሩ ሥር ያለችውን መክፈቻ ፈታ ያደርጋል፤ ውኃው ወጥቶ ደረቅ አየር እስኪከተል ይጠብቃል። በክረምት የሚወጣው ውኃ ይበዛል። ከውኃው ጋር የዝገት ቅርፊት መውጣት ከጀመረ ያ ታንከር ሳይፈተሽ በማግሥቱ ሊነሳ አይገባም።