ጋዝ ይዘው ስለሚለቁ ፈሳሾች፦ አራት የተሳሳቱ አመለካከቶች

ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ውኃ ውስጥ ሲሟሙ አሲድነት ስለሚያመጡ አሲዳማ ጋዞች ይባላሉ። ከተፈጥሮ ጋዝም ሆነ ከጢስ እነሱን ለመለየት በብዛት የሚያገለግለው አሚን የሚባል ኬሚካል የተቀላቀለበት ውኃ ነው። ፈሳሹ በአንድ ማማ ውስጥ ቁልቁል እየወረደ ሽቅብ የሚወጣውን ጋዝ ይይዛል። በሌላ ማማ ውስጥ ሲሞቅ የያዘውን ይለቅና ቀዝቅዞ ወደ ሥራው ይመለሳል።

የተሳሳተ አመለካከት 1፦ የአየር ንብረት ለውጥ ሥጋት የወለደው አዲስ ፈጠራ ነው።

እውነታው፦ ቦተምስ የተባለ ባለሙያ በአሜሪካ የዚህን ዘዴ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1930 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ዘዴው የተፈጥሮ ጋዝን ሲያጣራ ኖሯል፤ በሰርጓጅ መርከቦች ውስጥ መርከበኞች የሚተነፍሱትን አየር ያጸዳል፤ ለለስላሳ መጠጥ የሚሆን ጋዝም ይመረትበታል። በአንጻሩ አዲስ የሚባለው የኃይል ማመንጫን ጢስ በዚህ መልክ በስፋት ማጣራት ነው። በካናዳ የሚገኘው የባውንዳሪ ዳም የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ይህን የጀመረው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው።

የተሳሳተ አመለካከት 2፦ ጋዙን አጥብቆ የሚይዝ ፈሳሽ ሁሉ የተሻለ ነው።

እውነታው፦ ለሳሙና ሥራ የሚውለው ኮስቲክ ሶዳ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን ውሁዱን ቢያፈሉትም መልሶ ኮስቲክ ሶዳ አይሆንም። ስለዚህ ለምልልስ አይበጅም። ሞኖኢታኖላሚን የተባለው የታወቀ አሚን በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይይዝና በ120 ገደማ ይለቃል። ሆኖም አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስለቀቅ ከ3.5 እስከ 4 ጊጋጁል የሚደርስ ሙቀት ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ ጉልህ ክፍሉ የሚባክነው አብሮት ያለውን ውኃ በማሞቅና በማትነን ነው። ይህን ሙቀት የሚያመጣው እንፋሎት ደግሞ ተርባይን አዙሮ መብራት ሊያመነጭ ይችል የነበረ ነው። ውኃቸው አነስተኛ የሆነ ፈሳሾች የሚፈለጉትም ለዚሁ ነው። ላላ አድርገው የሚይዙ አሚኖች ሙቀት ይቆጥባሉ፤ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለመያዝ ስለሚዘገዩ ፈጣን ከሆኑት ጋር ይቀላቀላሉ።

የተሳሳተ አመለካከት 3፦ ደጋግሞ ስለሚሠራ አያልቅም።

እውነታው፦ ጢስ ውስጥ ያለው ኦክስጅን አሚኑን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል። ሰልፈር ዳይኦክሳይድም ከአሚኑ ጋር ተዋህዶ በሙቀት የማይፈታ ጨው ይሠራል። የተበላሸው ፈሳሽ አረፋ ያወጣል፣ ብረቱን ይበላል፣ የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። ስለዚህ ጢሱ አስቀድሞ መጽዳት፣ ፈሳሹም በየጊዜው መጣራትና በአዲስ መተካት አለበት። ባውንዳሪ ዳም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካቀደው በታች የያዘበት አንዱ ምክንያት የአሚኑ መበላሸት ነበር።

የተሳሳተ አመለካከት 4፦ ጋዙ ከተያዘ ችግሩ ተፈትቷል።

እውነታው፦ ፈሳሹ ጋዙን ይለያል እንጂ አያጠፋውም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከተለቀቀ በኋላ ወደ ድኝ ተለውጦ ለኬሚካል ፋብሪካዎች ይሸጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን መጠኑ እጅግ ብዙ፣ ገዢውም ጥቂት ነው። ኖርዌይ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስሌይፕነር የጋዝ መስክ በአሚን የለየችውን ከሰሜን ባሕር ወለል በታች ባለ ጨዋማ ውኃ ያዘለ አሸዋማ ድንጋይ ውስጥ ቀብራለች። በአሜሪካ ቴክሳስ የሚገኘው ፔትራ ኖቫ የተባለው የጢስ ማጣሪያ በበኩሉ የያዘውን ወደ ነዳጅ ጉድጓድ የሚልከው ተጨማሪ ዘይት ለማስወጣት ነው። ፈሳሾቹ ተመሳሳይ ሥራ ቢሠሩም ለአየሩ ያላቸው ጥቅም አንድ አይደለም። ስለዚህ አዲስ ፈሳሽ ተገኘ ሲባል ምን ያህል እንደሚይዝ መስማት ብቻውን አይበቃም፤ ለመልቀቅ የሚፈጀው ሙቀት፣ ሳይበላሽ የሚቆይበት ጊዜና የተለቀቀው ጋዝ መድረሻ አብረው ይጠየቁ።