ሃያ አንድን ያለ ገንዘብ መማር

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ካርታ ለወጣቱ እንግዳ ነገር ባይሆንም፣ ብላክጃክ ወይም ሃያ አንድ የሚባለውን ጨዋታ በስልኩ የሚያገኝ ሁሉ ከዕድሉ በስተኋላ የተሰወረውን ሒሳብ በልቡናው ይመረምራል ማለት አይቻልም።

ሥርዓቱ አጭር ነው፤ ከ21 ሳያልፉ ካርታ ሰጪውን መብለጥ ነው። ባለ ሥዕሎቹ ካርታዎች 10 ይቆጠራሉ፣ አንድ ቁጥሩም እንደ ነገሩ 1 ወይም 11 ይሆናል፤ ሰጪውም 17 እስኪደርስ መሳብ ግዴታው ነው። ጥበቡ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ግዴታ ነው፤ ከ52ቱ ካርታዎች 16ቱ የአሥር ዋጋ ስላላቸው፣ ሰጪው 6 ገልጦ በታየ ጊዜ ከ21 የማለፉ ነገር ከመቶ 42 ያህል ይደርሳልና፣ ከ12 እስከ 16 የያዘ ሰው ሳይስብ ይቆማል፤ 7ና ከዚያ በላይ ሲታይ ግን፣ ልብ ቢፈራም፣ 16 ይዞ መሳብ ይሻላል። ሁለት 8 የደረሰውም ለሁለት ይከፍላቸዋል።

ይህን ቀመር ባልድዊን፣ ካንቲ፣ ማይዝልና ማክደርሞት የተባሉ አራት የአሜሪካ ወታደሮች፣ እኔን እስከ ዛሬ በሚያስደንቀኝ ትዕግሥት፣ በጠረጴዛ የሒሳብ መኪና አስልተው በ1956 እ.ኤ.አ. አሳተሙት።

ተማሪው ብር በማይከፈልበት መለማመጃ፣ ፊደል ቈጣሪ ሀ ሁን እንደሚደጋግም፣ የቀመሩን ሠንጠረዥ ሸፍኖ መልሱን በቃሉ ይናገር፤ አስቀድሞ ተራውን ድምር፣ ቀጥሎ አንድ ቁጥር ያለበትን፣ በመጨረሻ ጥንዶቹን ያጥና። ቀመሩን ሳይስት የሚጫወት እንኳ፣ ደንቡ መልካም በሆነበት ቦታ፣ ካስያዘው 100 ብር በአማካይ 50 ሳንቲም ያህል ለአጫዋቹ ቤት ይተዋል።